ሂናሪ
ሂናሪ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ተመራማሪዎችና የሕክምና ተማሪዎች ዋጋቸው የማይቀመስ የሕክምና መጽሔቶችንና መጻሕፍትን በኢንተርኔት እንዲያነቡ የሚያስችል መርሐ ግብር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በጥር 2002 እ.ኤ.አ. ጀመረው። በኋላ ለግብርና፣ ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለቴክኖሎጂና ለሕግ ከተቋቋሙ አቻዎቹ ጋር ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥምረት ሥር ተጠቃሏል።

አገሮች በሁለት ምድብ ይከፈላሉ፤ ኢትዮጵያ ያለችበት የመጀመሪያው በነፃ ሲጠቀም ሁለተኛው አነስተኛ ዓመታዊ ክፍያ ይጠየቃል። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ነው፤ ሆስፒታሉ ወይም ዩኒቨርሲቲው የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ ለባልደረቦቹ ያድላል። ደካማው ጎን እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ከቀረ፣ ተረኛው ሐኪም ስለ አዲስ መድኃኒት የተጻፈውን ከአጭር መግለጫው አልፎ ማንበብ አይችልም። መፈለጊያው ብዙ ጊዜ ፐብሜድ የተባለው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ነው፤ እሱ ግን ጽሑፉ መኖሩን ይጠቁማል እንጂ የተዘጋውን አይከፍትም።

በ2011 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንዳንድ አሳታሚዎች በሂናሪ በኩል ይነበቡ የነበሩ ከ2,000 በላይ መጽሔቶችን ለባንግላዴሽ ዘጉ። አገሪቱ ገበያ ሆናለች ከሚል ስሌት የመጣ እርምጃ ነበር። ተቃውሞው ሲበረታ መልሰው ከፈቱ።

በሂናሪ የመጠቀም መብት ተቋሙ ያለበትን አገር እንጂ የአንባቢውን ዜግነት አይከተልም፤ ጎንደር የሚሠራ የውጭ አገር ሐኪም ሊጠቀምበት ይችላል፣ ዋሽንግተን የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ግን አይችልም።