የጦር መሣሪያ ካዝና

የጦር መሣሪያ ካዝና ጠመንጃ፣ ሽጉጥና ጥይት ተቆልፎበት የሚቀመጥ የብረት ሣጥን ወይም ቁም ሣጥን ነው። ዋና አገልግሎቱ ሁለት ነው፦ መሣሪያውን ከሌባ መጠበቅና በቤት ውስጥ ካሉ ሕፃናትና ሌሎች ሰዎች እጅ ማራቅ። «ካዝና» ከዓረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ በአማርኛ የጠመንጃ ጥይት መያዣም (ካርታም) በዚሁ ስም ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ የሚያመለክተው የብረት ሣጥኑን ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ

በአማራ ክልል ገጠር ጠመንጃ የከብትና የማሳ መጠበቂያ፣ የክብር ምልክትና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ንብረት ሆኖ ቆይቷል። በተለምዶ የሚቀመጠው ከምሰሶ ወይም ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ከአልጋ ሥር ተሸጉጦ ወይም በእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ አድርጎታል። ቁጥጥሩን በበላይነት የሚመራው የፌዴራል ፖሊስ ነው።

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በ2013 ዓ.ም. በዞኑና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ ዞን ግጭቶች ተነሥተው ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ከተማዋ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ አካባቢ ባለቤቱ መሣሪያውን ሌሊት ፈጥኖ ማንሣት ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ጎርሶ ከፍራሽ ሥር የተቀመጠ ጠመንጃን ልጅም በዚያው ፍጥነት ሊያነሣው ይችላል። የካዝና ምርጫ ሁለቱን ፍላጎቶች ማስታረቅ ይኖርበታል።

አመራረጥ

መጀመሪያ የሚታየው የውስጥ ቁመት ነው። ክላሽንኮቭ ቋሚ ሰደፍ ያለው ከሆነ 87 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። አጭሩ የጀርመን ማውዘር 111፣ የድሮው ውጅግራ ደግሞ 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ለክላሽ የተሠራ ሣጥን ውጅግራን አይችልም።

ቀጥሎ የብረቱ ውፍረት ይታያል። በብሪታንያ ለጠመንጃ ቁም ሣጥን በዝቅተኛነት የሚጠየቀው 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው። በብረታ ብረት ቤት የሚያሠራ ሰው ብየዳው ያልተቆራረጠ መሆኑን፣ የበሩ ጠርዝ በመፈልፈያ ብረት እንዳይከፈት ወደ ውስጥ የገባ መሆኑን፣ ማጠፊያው ቢቆረጥም በሩ እንደማይወልቅ ማረጋገጥ አለበት። ከውጭ የሚንጠለጠል ጓጉንቸር በመቁረጫ በቀላሉ ስለሚበጠስ ከውስጥ የተሠራ ቁልፍ ይመረጣል።

የቁልፍ ዓይነቶች የየራሳቸው ድክመት አላቸው፦

• ተራ ቁልፍ፦ ባትሪ አይፈልግም፤ ነገር ግን ያገኘው ሁሉ ይከፍትበታል።
• በቁጥር የሚዞር፦ ዕድሜው ረጅም ነው፤ በጨለማና በጥድፊያ ለመክፈት ግን ያስቸግራል።
• ኤሌክትሮኒክ፦ በባትሪ ስለሚሠራ የመብራት መጥፋት አያግደውም። ከፋብሪካ የመጣው የምሥጢር ቁጥር ወዲያው መቀየር አለበት። አንዳንድ ርካሽ ሣጥኖች በኃይል ሲመቱ ይከፈታሉ።
• የጣት አሻራ፦ ፈጣን ነው። በእርሻ ወይም በግንባታ ሥራ የጣቱ ቆዳ የተፋቀ ሰው አሻራ ግን ላይነበብ ይችላል።

አተካከል

ያልታሰረ ካዝና ሁለት ሰው ተሸክሞት ሊሄድና ሌላ ቦታ ተረጋግቶ ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ አተካከሉ ከብረቱ ውፍረት ያላነሰ ትኩረት ይፈልጋል።

ወለሉ ኮንክሪት በሆነ ቤት ካዝናው ከውስጥ በኩል በማስፋፊያ ብሎን ከወለሉ ጋር ይታሰራል። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብሎኑን አጥብቆ አይዝም። የጭቃ ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ በጭቃ ቤት ካዝናን ግድግዳ ላይ መትከል የታሰረ ከማስመሰል አያልፍም። የተሻለው መንገድ ወለሉን ቆፍሮ ኮንክሪት መሙላትና ረጃጅም ብሎኖችን ኮንክሪቱ ሳይደርቅ አብሮ መቅበር ነው። ካዝናው በማዕዘን ላይ ቢቀመጥና ከበር ወይም ከመስኮት ባይታይ ይመረጣል። በሰርግና በለቅሶ ቤቱ በሰው ስለሚሞላ ይህ ጥንቃቄ የበለጠ ያስፈልጋል።

አያያዝ

መሣሪያው ወደ ካዝና ከመግባቱ በፊት ካርታው ይወልቃል፤ ከዚያ ጥይት ጎርሶ እንዳይቀር ማስገቢያው ተከፍቶ ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ካርታው ውስጥ ያለ ጥይት እንደገና ሊጎርስ ይችላል። ጥይት በሌላ ቁልፍ በሚዘጋ ሣጥን ለብቻው ይቀመጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት፣ መሣሪያን ሳያጎርሱ መቆለፍና ጥይትን ለይቶ መቆለፍ በልጆችና በወጣቶች ላይ በአጋጣሚ ከሚደርስ ጉዳትና ራስን ከማጥፋት አደጋ መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ቁልፉን ከፍራሽ ሥር ወይም ከበር ጉበን ላይ ማስቀመጥ ካዝናውን ዋጋ ያሳጣዋል፤ ልጆች የቤታቸውን መደበቂያዎች ያውቃሉና። በቤቱ ውስጥ ከባድ ጠብ ወይም ኀዘን ሲኖር ቁልፉን ለሚታመን ዘመድ በአደራ መስጠት አደጋን ይቀንሳል።

ሙቀትና የክረምት እርጥበት በሚፈራረቁበት እንደ ጨፋ ሜዳ ባለ አካባቢ የተዘጋ ሣጥን ዝገትን ሊያስከትል ይችላል። ብረቱ በስሱ ዘይት ይቀባል፤ እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ይጨመራል። ቆዳና ጨርቅ እርጥበት ስለሚይዙ መሣሪያው ከነማኅደሩ አይቀመጥም።

በሌሎች አገሮች

ደቡብ አፍሪካ የመሣሪያ ባለቤት ደረጃውን የጠበቀ ካዝና እንዲኖረው በሕግ ታስገድዳለች። ጀርመን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚገዙ ካዝናዎች ቢያንስ የአውሮፓ መለኪያ ኢኤን 1143-1 ደረጃ ዜሮን እንዲያሟሉ ትጠይቃለች።