ከተጣለ ዕቃ የሚገኝ ብርሃን

የኤሌክትሪክ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የነገሥታቱ ሞተርና የታላላቅ ወንዞች ግድብ ነው። በእርግጥም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በቤተ መንግሥታቸው የኤሌክትሪክ ብርሃን አስገቡ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ በአዋሽ ወንዝ ላይ ሥራ ዠመረ። ነገር ግን ሽቦው ያልደረሰበት፣ ደርሶም የሚቋረጥበት አገር ሰው ብርሃኑን የሚያኖረው በባትሪ ነው። እኛም የምንመለከተው ይህን ትንሹን ታሪክ ነው።

ባትሪን የፈለሰፈው ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ሲሆን ዘመኑም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር 1800 ነበረ። የእርሱ ባትሪ ግን ኃይሉ ካለቀ አይመለስም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የእርሳስ ዝርግ በአሲድ ውስጥ ነክሮ፣ እንደገና የሚሞላ ባትሪ ሠራ፤ የመኪና ባትሪ እስከ ዛሬ በዚሁ መንገድ ይሠራል። በአገራችን ግን የራዲዮ ባለቤት የሚያውቀው የባትሪ ድንጋይን ነበር፤ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ይገለገልበታል፤ ከዚያም ይጥለዋል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ በብዙ ስፍራ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋረጠ። ለወልዲያ፣ ለመርሳና ለሲሪንቃ ሰው ትምህርቱ ይህ ነው፤ መብራት ሳለ ያልሞላ፣ በጨለማ ጊዜ አያበራም። መሙያው ግን ሁልጊዜ ከሱቅ መገዛት የለበትም።

የተበላሸ ኮምፒውተር ሲጣል በውስጡ ያለው ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። ይህ ሳጥን 220 ቮልቱን ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ያወርዳል። 12 ቮልት ለ12 ቮልት ባትሪ ይበቃል የሚል ሰው አለ፤ አይበቃም። ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ ኤሌክትሪክም ከበለጠው ወደ አነሰው ይሄዳል፤ የሞላ የእርሳስ ባትሪ ራሱ 12.7 ቮልት ያህል አለውና ለመሙላት እስከ 14.4 ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚሻለው 19 ቮልት የሚሰጠው የላፕቶፕ ቻርጀር ነው። ቮልትና አምፔር የሚወስን ትንሽ ሰሌዳ በመካከል ይገባል፤ ቮልቱ 14.4 ላይ፣ አምፔሩም ከባትሪው መጠን አንድ አሥረኛ ላይ ይቆማል። ለ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 0.7 አምፔር ማለት ነው። ሲሞላም ይነቀላል።

ይሁን እንጂ ዕውቀት የሌለው ድፍረት ጉዳት ነው። ሳጥኑ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ 300 ቮልት ያህል ሊቀር ስለሚችል አንከፍተውም። የሚሞላ የእርሳስ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣልና ነፋስ በሚገባበት፣ እሳት በሌለበት ስፍራ ይቀመጥ። ይህ ልክ ለስልክ ሊቲየም ባትሪ አይሆንም፤ የእርሱ ሴል ከ4.2 ቮልት አልፎ ከተሞላ ሊነድ ይችላል።

እንግዲህ ወላጆቻችን የተበላሸውን ዕቃ ለቆራሌው ከመስጠታቸው በፊት ተማሪውን ያስቡ። ግድብ የሚሠራው መንግሥት ነው፤ የአንዲት ሌሊት ብርሃን ማኖር ግን ለእኛም የሚቻል ነው።