ሃያ ሴቶችና አንድ ጋለሪ

እ.ኤ.አ. በ1969 በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ዓመታዊ ዐውደ ርእይ ሥራቸው ከቀረበ 143 አርቲስቶች መካከል ሴቶቹ 8 ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ሴቶች ሙዚየሙ ደጅ ተሰልፈው ተቃወሙ። የግል ጋለሪዎችም ብዙ አይሻሉም ነበር። ባርባራ ዙከርና ሱዛን ዊሊያምስ የተባሉ አርቲስቶች ግን ደጅ መጥናቱን ትተው የራሳቸውን ቤት ለመክፈት ተነሱ። ሐያሲዋ ሉሲ ሊፓርድ ያሰባሰበችውን የሴቶች ሥራ ስላይድ እያዩ፣ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ እየዞሩ ጓደኛ ፈለጉ፤ በመጨረሻም ሃያ ሆኑ።

ቤቱን ያገኙት ሶሆ ውስጥ፣ ዉስተር ጎዳና ላይ ነው። ሶሆ ያኔ አሮጌ ፋብሪካና መጋዘን የበዛበት ሰፈር ነበር። እድሳቱን በአብዛኛው በራሳቸው ጉልበት ሠሩት፤ በእኛ አነጋገር ደቦ ወጡ ማለት ነው። ስም ሲፈለግ ሃዋርዲና ፒንዴል ከ«ጄን ኤር» ልብ ወለድ ተነስታ «ኤር» አለች። ጨዋታው ቀጥሎ ስሙ «ኤ.አይ.አር.» ሆነ። ይህ በሰፈሩ ሕንፃዎች ላይ «እዚህ አርቲስት ይኖራል» ብሎ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚጠቁም ምልክት ነበር። ጋለሪው መስከረም 6 ቀን 1965 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው አትራፊ ያልሆነ የሴት አርቲስቶች የጋራ ጋለሪ ነው።

እኛን ይበልጥ የገረመን የውስጥ ደንቡ ነው። አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፣ በስብሰባ ይወስናሉ፣ ሥራውን ይከፋፈላሉ። ግድግዳው እንደ ዕቁብ በተራ ይደርሳል፤ ባለ ተራዋም የምትሰቅለውን ራሷ ትመርጣለች። ገዢ ይገኝለታል ወይ ብሎ የሚያጣራ ነጋዴ መሐል የለም። ናንሲ ስፔሮ በ1976 እ.ኤ.አ. በሴቶች ላይ የተፈጸመ ሥቃይን የሚያሳይ፣ ወደ 38 ሜትር የሚረዝም የወረቀት ሥራ ያሳየችው እዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ሳሎኑ ውስጥ የሚሰቅል ገዢ መቼም አይገኝም! ሰኞ ሰኞ ደግሞ ቤቱ የውይይትና የትምህርት መድረክ ይሆን ነበር። ጋለሪው ደጋግሞ ቤት ቢቀይርም ዛሬ ብሩክሊን ውስጥ ይሠራል።

የማኅበራችንን ዕቃ ቤት የአባላት ጥልፍ፣ ስፌትና ሥዕል ማሳያ ለማድረግ ሐሳብ ቀርቧል። ስለ ቀለሙና ስለ መብራቱ ብዙ ተብሏል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ግን የተራውን ደንብ ጽፈን ይዘን እንመጣለን፤ የግድግዳው ልክ ከዚያ በኋላ ይወሰዳል።