ድንኳን ውስጥ ያደረ መንግሥት፦ የበጌምድር ዘዋሪ ሰፈርና ቤተሰቡ

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አገር ከሚስትና ከልጆች ጋር በድንኳን እያደሩ መሰንበት ለብዙ መቶ ዓመታት የመዝናናት ልማድ ሳይሆን የመንግሥት አኗኗር ነበር። ሳፋሪ የሚባለው፣ እንግዶች በጥቂት ድንኳኖች ሰፈር እያደሩ የዱር አራዊት የሚያዩበት የምሥራቅ አፍሪካ ጉዞ ከመለመዱ እጅግ ቀደም ብሎ፣ ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነሥቶ በደራና በአንበሳሜ አድርጎ እስከ ደብረ ታቦርና እስከ ጉና ተራራ በሚዘልቀው የበጌምድር ምድር ላይ ዙፋኑ፣ ችሎቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወጥ ቤቱና የሕፃናቱ መኝታ ሁሉ በበቅሎ ተጭኖ ይጓዝ፣ በደረሰበትም ተተክሎ ያድር ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሰፈር አብዛኛውን ጊዜ በጦር ታሪክነቱ ስለሚያነቡት ጦረኛው ጎልቶ፣ ቤተሰቡ ደብዝዞ ይታያል፤ ነገሩን ቀርቦ ለሚመረምር ግን ሰፈሩ ከጦር ይልቅ ቤት ነበር፤ ጥንካሬውም ጉዳቱም የመነጨው ከዚሁ ነው።

የሰፈሩን ሥርዓት በዝርዝር ጽፈው ካቆዩት የውጭ ምስክሮች ቀዳሚው በ1520 (እዚህ ዓመታቱ የሚጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሟል። አልቫሬዝ የንጉሡን ሰፈር ያየው ከበጌምድር ውጭ ቢሆንም፣ የሰፈሩ አሰፋፈር ከቦታ ቦታ የማይለወጥ ስለነበረ ምስክርነቱ ለበጌምድርም ያገለግላል። እንደ እርሱ አገላለጽ የንጉሡ ነጭ ድንኳን በቦታው ከፍ ባለው ስፍራ ይተከላል፤ ቤተ ክርስቲያን የሆኑት ድንኳኖች በአቅራቢያው ይቆማሉ፤ የእቴጌዪቱና የቤተ ዘመዱ ድንኳኖች፣ የዳኞቹ ችሎት፣ ወጥ ቤቱና ገበያው እያንዳንዳቸው የታወቀ አቅጣጫና ርቀት አላቸው። በዚህም ምክንያት በሺዎች የሚቆጠሩ ድንኳኖች ባሉበት ሰፈር አዲስ ሜዳ ላይ የደረሰ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ የጌታውን ደጅ ያገኝ ነበር። ታቦቶቹ በካህናት ትከሻ ሆነው፣ ቃጭል እየተመታላቸው ከሰፈሩ ጋር ይጓዛሉ። በሰንሰለት የታሰሩ አራት አንበሶችም አብረው ይነዱ ስለነበረ፣ የዛሬው የሳፋሪ እንግዳ ከሩቅ ለማየት የሚጓጓለትን አውሬ የዚያን ጊዜው የሰፈር ልጅ በየማለዳው ከደጁ ሲያልፍ ያየው ነበር ማለት ነው።

በኋላ ዘመን ማዕረግ ሆነው የቀሩት መጠሪያዎችም የሚያመለክቱት ይህንኑ አሰፋፈር ነው፤ ፊታውራሪ ከንጉሡ ፊት ቀድሞ የሚጓዘውና የሚሰፍረው፣ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች በሁለቱ ጎን፣ ደጃዝማች ደግሞ በደጁ በኩል የሚሰፍሩት አለቆች ነበሩ። ከነዚህ እያንዳንዱ የንጉሡን ሰፈር በትንሹ የሚደግም የራሱ ክበብ ነበረው፤ የአለቃው ድንኳን በመካከል፣ የባለቤቱ ድንኳን በአጠገቡ፣ የአሽከሮቹና የጋሻ ጃግሬዎቹ፣ ማለትም የጌታቸውን ጋሻ የሚሸከሙት ተከታዮች፣ ማደሪያ ደግሞ በዙሪያው ይሆናል። ተራው ወታደር አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን አልነበረውም፤ ማደሪያው በደረሰበት ቅርንጫፍ ቆርጦና ሣር አልብሶ የሚያቆማት ጎጆ ስትሆን፣ ያችን ጎጆ ቤት የምታደርጋት አብራው የምትዘምተው ሚስቱ ነበረች። እህል የሚፈጨው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቀመው፣ ጠላውና ጠጁ በገንቦ ታዝሎ የሚጓዘው በሴቶች ጉልበት ነበርና፣ ሴቶቹ ካልዘመቱ ሰፈሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ በረሃብ ይፈታል። ለመንገድ የሚያዘው ስንቅ፣ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በውኃ የሚለወሰው በሶ፣ ቆሎና ደረቁ እንጀራ ድርቆሽ፣ ከዘመቻው በፊት በየቤቱ የሚሰናዳው በእነዚሁ እጆች ነው። በዚህ ኑሮ መካከል ልጆች ይወለዳሉ፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡበት ታቦት አብሮ ስለሚጓዝ፣ ሰፈር ውስጥ ለተወለደ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ከደጁ አልራቀም። ከተዋጊው ይልቅ ተከታዩ የሚበዛበትን ይህን ሰፈር የውጭ ታዛቢዎች ሥርዓት እንደሌለው ጓዝ አድርገው የገለጹት የማይንቀሳቀስ ቤትና ቤተሰቡን ትቶ የሚዘምት ሠራዊት ለምደው ስለነበረ ይመስላል።

ይህን የሚያህል ቤት ግን ቀለብ ይፈልጋል፤ ቀለቡን የሚያቀርበው ገበሬው ነበር። በጌምድር ለሰፈር የተመቸው አቀማመጡ እህልንና መንገድን አንድ ላይ ስለያዘ ነው፤ የፎገራና የደራ ሜዳ እህሉን፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ውኃውን፣ የጉና ግርጌ ግጦሹን ይሰጣሉ፣ ከደራ ወደ ደቡብ ሲወርዱም ጢስ ዓባይ አጠገብ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ወደ ጎጃም ያሻግራል። ለንጉሥና ለእንግዶቹ በትእዛዝ የሚቀርበው ምግብ ድርጎ ይባል ነበር፤ ከድርጎው በላይ ደግሞ ያልታዘዘው ዝርፊያ ነበረ። ሰፈሩ በአንድ ቦታ ሲቆይ የማገዶው እንጨት ይመነምናል፣ ሣሩ ይጋጣል፣ ጎተራው ይራቆታል፤ ስለዚህ መንቀሳቀሱ የነገሥታቱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሆድ ጉዳይም ነበር። በ1636 ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ሲመሠርቱ እንኳ ልማዱ አልቆመም፤ ክረምቱ በድንጋይ ግንብ፣ በጋው በድንኳን የሚያልፍ ሆነ።

ሥርዓቱ ከነክብሩም ከነጭካኔውም ጎልቶ የታየው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። በ1855 ደረስጌ ማርያም የነገሡት ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ቢያደርጉም የንግሥና ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት በድንኳን ነበር። በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ መድፍ የሚሠሩላቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሚስትና ልጅ ያላቸው ነበሩና፣ ንጉሡ በመጨረሻ ከአካባቢው ሲነሡ ቤተሰቦቹም አብረው ተነሡ። በ1866 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከባልደረቦቹ ጋር የተቀመጠባት ቆራጣ፣ ዛሬ አንበሳሜ ዋና ከተማው በሆነው በደራ ወረዳ በጣና ዳር የምትገኝ የጥንት የንግድ ከተማ ናት። የሕዝቡ ዐመፅ እየበረታ፣ ሠራዊቱም እየከዳ ሲሄድ ግን የሰፈሩ ሆድ ገበሬውን በላው፤ በጌምድር ለዓመታት ከተመገበበት በኋላ ሊቀልበው የማይችል ሆነ፤ ገበሬውም ሸፈተ። በጥቅምት 1867 ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱም በፊቱ እየተቆፈረና እየተደለደለ፣ ወታደሩ ከነሚስቱ፣ ባለሙያዎቹ ከነልጆቻቸው፣ እስረኞቹ ከነሰንሰለታቸው አብረው ተጓዙ፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነበር። ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ መድፉ ሲባል ነው፤ ያን ሁሉ ወራት ገደል እየወረዱና እየወጡ ምሽት በመጣ ቁጥር ለብዙ ሺህ ሰው እሳት ያነደዱትና እህል የፈጩት ሴቶች ግን በታሪኩ ውስጥ የሚገባቸውን ስፍራ አላገኙም።

በዚያው ጊዜ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከባሕር ዳርቻ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦርም በድንኳን ያደረ ነበር፤ ነገር ግን ቤተሰብ አልነበረውም፣ 13 ሺህ ያህል ወታደሮቹና 44 ዝሆኖቹ የሚያስፈልጋቸውን እህልና መኖም በመንገዱ በማርትሬዛ ብር ይገዛ ነበር። የገበሬው ልብ ወደ ማን እንዳዘነበለ ለመረዳት ከዚህ በላይ ብዙ መመራመር አያሻም። ከዚህ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1861 እና በ1862፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከኑሮ አጋሩ ከፍሎረንስ ጋር በተከዜና በአትባራ ቆላ በድንኳን እያደረ ሲያድን ቆይቷል፤ በኋላ ሳፋሪ ለተባለው የቤተሰብ ጉዞ ከኢትዮጵያ ጠረፍ ከሚገኙት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በደብረ ታቦርና በአቅራቢያዋ በሰመራ እየተቀመጡ የውጭ መልእክተኞችን ተቀብለዋል፤ እንግሊዛዊውን ጎርደንን በ1879፣ ጀርመናዊውን ጌርሃርድ ሮልፍስን በ1881 የተቀበሏቸው በዚሁ አካባቢ ነው። ዘዋሪው ሰፈር ወደ ቋሚ ከተማ የተለወጠው ግን በሸዋ ነበር። ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፊንፊኔ ፍልውኃ ድንኳን ተክለው ይታጠቡና ይሰነብቱ የነበሩት ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ፣ መኳንንቱም ከነቤተሰባቸው፣ እዚያው ቤት መሥራት ጀመሩ፤ ዛሬም በራስ መኮንንና በሌሎች መኳንንት ስም የሚጠሩት የአዲስ አበባ ሰፈሮች የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። የባሕር ዛፍ መስፋፋትም የማገዶውን ጭንቀት ስላቃለለ፣ ሌላው ዘዋሪ ሰፈር ይለቅበት የነበረው ምክንያት ለአዲስ አበባ ቀረላት።

ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው በዚሁ የበጌምድር ምድር ከቤተሰብ ጋር በድንኳን ሰፈር ማደር እስከ ዛሬ በሙሉ ሥርዓቱ የሚታየው በከተራ ነው፤ ከተራ ማለት ታቦታቱ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ውኃ ዳር ወርደው የሚያድሩበት የጥምቀት ዋዜማ፣ ጥር 10 ቀን ነው። አልቫሬዝም በ1521 በንጉሡ ሰፈር ለጥምቀት የተዘጋጀ ኩሬ አይቶ ጽፏል። ዛሬም የታቦቱ ድንኳን ቀድሞ ይተከላል፣ ካህናቱ በዙሪያው ያድራሉ፣ ሕዝቡ በየደብሩ ተከፍሎ ይሰፍራል፤ ከነገሥታቱ ሰፈር የሚለየው በቀለቡ ነው፤ እዚህ ዳቦውንና ጠላውን እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቤቱ ይዞ ይመጣል፣ ለካህናቱም ምእመናኑ በፈቃዳቸው ያቀርባሉ። አብዛኞቹ ታቦታት ጥር 11 ወደ መንበራቸው ሲመለሱ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚገባው ጥር 12 ስለሆነ፣ የሚካኤል ደብር ምእመናን አንድ ሌሊት ጨምረው ያድራሉ፤ ስንቃቸውንም የሚያሰናዱት በዚያው ልክ ነው።