የዘማች ስንቅ፦ በሶና ጭኮ በወሎ ደጋ

ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለችው ከኩታበር ተነሥቶ ወደ ተንታና ወደ መቅደላ የሚዘልቀው አገር፣ ከፍ ያለው ክፍሉ ለጤፍ ስለሚበርድ፣ ገብስ የሚገንበት ደጋ ነው። ዛሬ በከተማ ቴምርና ለውዝ ተድቦልቡሎ ኃይል ሰጪ ተብሎ የሚሸጠው የመንገድ ምግብ በዚህ ደጋ የቆየ አቻ አለው፤ እርሱም በሶና ከበሶ የሚሠራው ጭኮ ነው።

በሶ የሚባለው ተፈትጎ ገለባው ከተለየ በኋላ ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት ሲሆን፣ ምጣዱ እህሉን አብስሎ እርጥበቱን ስለሚያሳጣው ዳግመኛ እሳት አያሻውም፤ በደረቅ ስልቻ ከተያዘም ብዙ ጊዜ ይቆያል። መንገደኛው በውኃና በጨው አሽቶ በመዳፉ ጨብጦ ይጎርሰዋል፣ ወይም በጥብጦ ይጠጣዋል። ጭኮ ደግሞ በንጥር ቅቤ የታሸ በሶ ነው። ቅቤው ሲነጠር ውኃውና የወተት ዝቃጩ ስለሚወገድ ቶሎ አይበላሽም፤ አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ግን 4 ብቻ ስለሚሰጥም ጥቂት ጭኮ ሩቅ ታስኬዳለች። በጾም ወቅት ክርስቲያኑ ቅቤውን ትቶ በሶውን በማር ይበጠብጣል።

የዚህ ምግብ ታላቁ ገበያ ዘመቻ ነበር። የቀድሞው ዘማች ስንቁን በአብዛኛው ከቤቱ ይዞ ይወጣ ስለነበር፣ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት አውጀው ሠራዊቱን ወረኢሉ ላይ ሲቀጥሩ፣ ከየቤቱ የሚወጣው ስንቅ አስቀድሞ በሴቶች ጉልበት ተቆልቶና ተፈጭቶ መዘጋጀት ነበረበት። የታሪክ ጸሐፊዎች ጠመንጃውን ሲቆጥሩ ወፍጮውን መዘንጋታቸው ያስቆጫል፤ የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ውጊያው ከመግጠሙ በፊት በነበሩት ቀናት ወደ 100,000 የሚገመተው ሠራዊት እህል እያለቀበት ነበርና።

የተድቦለቦለ ስንቅ በገብስ ብቻ አልተወሰነም። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ተዋጊዎች የተቆላና የተወቀጠ ቡና ከቅቤ ጋር አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙና አንዷ ድብልብል ለአንድ ቀን እንደምትበቃ ጽፏል። በቲቤት ደጋ ደግሞ ጻምፓ የተባለው የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ሻይ ታሽቶ በእጅ እየተጨበጠ ይበላል፤ ብርድ፣ ገብስና የከብት ቅቤ በተገናኙበት ሁሉ ብልሃቱ መመሳሰሉ አያስገርምም።

በቤት ለሚያዘጋጅ ሰው ሦስት እጅ የተነፋ በሶ ላይ አንድ እጅ ያህል ቀልጦ የበረደ ንጥር ቅቤ፣ ጨውና የተፈጨ ኮረሪማ ጨምሮ፣ ሲጨበጥ እስኪያያዝ ድረስ ማሸት በቂ ነው። ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ግን ቅቤው ስለሚቀልጥበት ደረቁን በሶ ይዞ ወርዶ፣ በደረሰበት ውኃ ቢያሸው ይሻለዋል።