ዓባይ ማደሪያ አለው!

እስቲ ግምጃ ቤት የሄደ ሰው ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይዞ ይሂድ። ክረምት ሲወጣ ጎርፍ በተወው ጥቁር አሸዋ ላይ ያንከባለው፤ እንደ ጢም የቆሙ ጥቁር ፍሬዎች ይለጠፉበታል። ተአምር አይደለም። የአዊ ምድር ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባዛልት ነው (ዘንገና ሐይቅም የእሳተ ገሞራ አፍ ነበር)። በባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለ። ድንጋዩ በስብሶ አፈር ሲሆን ማግኔታይቱ በቀላሉ አይጠፋም።

ከዚህ ተዳፋት የታጠበው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ዓባይ ይገባል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ግንዱን እንጃ እንጂ፣ ደለሉ ግን ለሺ ዓመታት ማደሪያ ነበረው፦ የሜድትራንያን ባሕር ወለል።

ተመራማሪዎች ያንን ጭቃ በረጅም ቱቦ እያወጡ፣ ከላይ እስከ ታች የማግኔት ጉልበቱን ይለካሉ። ማግኔታይት በብዛት ከተገኘ ከእኛ ደጋ በዓባይና በተከዜ የወረደ ደለል ሊሆን ይችላል። ሄማታይት የሚባለው ቀይ የብረት ማዕድን ከበዛ ደግሞ ነፋስ ከሰሐራ ያመጣው አቧራ ነው፤ የደረቅ ዘመን ምልክት።

ቀላል መሰላችሁ? ከ10 ሺህ እስከ 6 ሺህ ዓመት በፊት ግድም ዝናቡ በርትቶ ነበር። የዓባይ ጎርፍ በጨዋማው ባሕር ላይ እንደ ክዳን ተንሳፈፈና ኦክስጅን ወደ ታች እንዳይወርድ አገደ። ወለሉ ላይ ጥቁር ጭቃ ተከመረ፤ እዚያ ውስጥ ማግኔታይቱ ሟሟ። ጎርፉ የጻፈውን ራሱ ሰረዘው ማለት ነው! ስለዚህ የማግኔት ማነስ ሁልጊዜ የጎርፍ ማነስ አይደለም።

ለዚህም ነው ምንጩ አጠገብ ያለው ጣና የሚጠቅመን። እ.ኤ.አ. በ2003 ከጣና ወለል የወጣው ደለል በማግኔትና በኬሚስትሪ ሲመረመር ጉድ ተገኘ፦ ከ17 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ጣና ደርቆ ነበር። በኋላ ደንገል የበቀለበት ረግረግ ሆነ፤ ሞልቶ ወደ ዓባይ የፈሰሰው ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ግድም ነው። ከ4,200 ዓመት በፊትም ድርቅ መጣ። በዚያው ሰሞን የግብፅ ጥንታዊ መንግሥት ተንኮታኮተ፤ ዓባይ ቀንሶበት ነው የሚሉ ምሁራን ብዙ ናቸው።

የባሕሩ መዝገብ ግን ተቋርጧል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ግድብ ደለሉን ያዘው። አሁን ከእኛ ተዳፋት የሚታጠበው በአብዛኛው ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኋላ ይተኛል። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ለከሰል ብሎ ተዳፋቱን በዲከረንስ ዛፍ አልብሶታል። ዛፉ አፈሩን ምን ያህል እንደያዘው፣ ማሳችንም ምን ያህል እንደሄደ፣ ወደፊት ቱቦ ይዞ ግድቡ ውስጥ የሚገባ ሰው ያነበዋል።