የባኽ አማችና ቁም ጸሐፊ ዮሐን ክሪስቶፍ አልትኒኮል

የሙዚቃ ታሪክ ስንማር ስሙ የሚነሣው የደራሲው ነው፤ ኖታውን በጥንቃቄ የገለበጠው ሰው ግን ከነብዕሩ ይረሳል። ስለ ታላቁ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ስለ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ብዙ ተጽፏልና፣ እኛ በዚህ ገጽ የሴት ልጁን ባል አልትኒኮልን ልናስታውስ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አልትኒኮል በርና በምትባል መንደር ተወልዶ ጃንዋሪ 1 ቀን 1720 ክርስትና ተነሣ። በብሬስላው ከተማ በዘማሪነትና በረዳት ኦርጋን መቺነት ካገለገለ በኋላ፣ በ1744 የሃይማኖት ትምህርት ሊማር ወደ ላይፕሲግ ዩኒቨርስቲ ገባ። ባኽ በዚያ ከተማ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዝሙር መምህር ነበርና ወጣቱ ከእርሱ ዘንድ ሙዚቃ መማር ጀመረ፤ ከ1745 ወዲህም በመዘምራኑ መካከል በወፍራም ድምፅ ይዘምር ነበር።

በዚያው በ1744፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ በልክ የተቃኘው ክላቪር የሚባለውን ሥራ ሁለተኛውን መጽሐፍ ገለበጠ። መጽሐፉ በ24ቱ የሙዚቃ ቅኝቶች የተደረሱ 24 ጥንድ ዜማዎች አሉበት፤ በየጥንዱም ሦስት ወይም አራት ድምፆች እየተከታተሉ ይሄዳሉ። ከመካከላችን አንድ ገጽ ኖታ ገልብጦ የሚያውቅ ሁሉ፣ አንዲት ነጥብ ከመስመሯ ብትወጣ ዜማው እንዴት እንደሚበላሽ ያውቃል። ባኽ በሕይወት ሳለ ይህ መጽሐፍ አልታተመም፤ የታተመው በ1801 ነው። ዛሬ በሎንዶን የሚገኘው፣ ከራሱ ከባኽና ከሚስቱ ከአና ማግዳሌና እጅ የወጣው ቅጂም ሦስት ጥንድ ጐድሎበታል። እንግዲህ የአልትኒኮል ቅጂ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በ1748 ባኽ ስለ ተማሪው ለናውምቡርግ ከተማ ሹማምንት ደብዳቤ ጻፈ፤ አልትኒኮልም በቅዱስ ቬንስስላውስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሆኖ ተሾመ። ኦርጋኑን የሠራው ሂልደብራንት ሲሆን 53 የድምፅ ዓይነቶች አሉት፤ ባኽ ራሱ በ1746 መርምሮት ነበር። በጃንዋሪ 1749 አልትኒኮል የባኽን ልጅ ኤልሳቤት ዩልያና ፍሬደሪካን አገባ። በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ወለዱ፤ በአያቱ ስም ዮሐን ሴባስቲያን ብለው ቢጠሩትም ሕፃኑ ብዙም ሳይቈይ ሞተ።

ፎርከል በ1802 ባሳተመው የባኽ ታሪክ፣ ዓይነ ስውር የሆነው ሊቅ በሞት አልጋው ላይ የመጨረሻ መዝሙሩን ለአልትኒኮል በቃል አስጻፈው ይላል። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ እኛ ግን ብራናውን ከመረመሩት ሊቃውንት ጋር መስማማት ግድ ሆኖብናል። በዚያ የኦርጋን መዝሙሮች ጥራዝ የአልትኒኮል እጅ የሚታየው በሁለት ሌሎች መዝሙሮች ላይ ነው፤ የመጨረሻውን የጻፈው ሌላ እጅ ነው። እንዲሁም የማቴዎስ ሕማማት የቀድሞው አደራረስ ቅጂ ለረጅም ዘመን የእርሱ ሥራ ተብሎ ሲነገር ቈይቶ፣ በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተማሪው የፋርላው እጅ መሆኑ ታወቀ። ይህ ለእኛ ነቀፋ መስሎ አልታየንም፤ መምህሩን እስኪመስል ድረስ የሚጽፍ ተማሪ ያወጣ ሰው ነውና።

የራሱ ድርሰቶች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮችና የክላቪር ዜማዎች ቀርተውለታል። ባኽ በጁላይ 1750 ሲሞት፣ ሊማር ከሩቅ መጥቶ የነበረው ሙተል ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ናውምቡርግ ወደ አልትኒኮል ሄደ። አእምሮው ያልጠናውን የባኽን ልጅ ጎትፍሪድ ሃይንሪኽንም በቤታቸው ያስጠጉት እርሱና ሚስቱ ናቸው። አልትኒኮል በጁላይ 1759 በ39 ዓመቱ ሞተ። ጎትፍሪድ ሃይንሪኽ በዚያው በናውምቡርግ እስከ 1763 ኖረ፤ መበለቲቱም በኋላ ወደ ላይፕሲግ ተመልሳ በ1781 አረፈች።